የጠቆሩት ደረሰኞች

እቤታችን ላሚኔት ያልተደረገ ወረቀት የለም። ዲፕሎማዬ፣ የልጆቹ የስምንተኛ ክፍል ካርድ፣ የጋብቻ ወረቀታችን፣ ሌላው ቀርቶ የውሃ ቆጣሪው ውል፣ ሁሉም በላስቲክ ታሽጎ ያብረቀርቃል። ሠላሳ ዓመት ሳስተምር ስንቱ ወረቀት በዝናብና በምስጥ ሲበላ አይቻለሁ፤ በወረቀት ቀልድ አላውቅም። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህማ ባሰብኝ። ባለቤቴ «አንድ ቀን እኔንም ታሳሽገኛለህ» እያለች ትስቅብኛለች።

እሷ ዲላ ገበያው አጠገብ ሱቅ አላት። ከኮንጋና ከኢዲዶ በሞተር ለሚመጡ ገበሬዎች ቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ የሚዘረጋ የሽቦ ወንፊት፣ ሸራና ጆንያ ትሸጣለች። የእኔ ጡረታ ወሩን እኩሌታ አያደርስም፤ የምንበላው ከሱቁ ነው። ድሮ ግብሯ በግምት ነበር። ሽያጯ ከፍ ሲል ግን የሒሳብ መዝገብ እንድትይዝ፣ በዓመቱ መጨረሻም ገቢና ወጪዋን ከነማስረጃው እንድታቀርብ ተነገራት። ሒሳቧን የምትሠራላት ወጣት ባለሙያም አስጠነቀቀቻት።

«እትዬ፣ ዕቃ የገዙበት ደረሰኝ ከሌለ ወጪ ተብሎ አይያዝልዎትም። የሸጡት በሙሉ ትርፍ ነው ተብሎ ግብር ይጣልብዎታል። ያኔ ሱቁን መዝጋት ነው።»

ባለቤቴ ደረሰኞቹን በፌስታል ጠቅልላ ሰጠችኝ። «ከአንተ የተሻለ ወረቀት ጠባቂ ከየት አመጣለሁ?» አለች። ደስ ብሎኝ ተቀበልኳት።

ምን እንዳቀበጠኝ እንጃ! በሰኔ ዝናብ ጣሪያችን ሲያንጠባጥብ አየሁና ፌስታሉን አንጠልጥዬ ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ወዳለ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄድኩ። ልጅቷ አንዱን ደረሰኝ በጣቷ ዳሰስ አደረገችና «ጋሼ፣ ይሄ የማሽን ወረቀት ነው፤ መጀመሪያ አንዱን ብቻ ልሞክረው?» አለችኝ።

«ምን ሙከራ አለው? እኔ አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ ላሚኔት የማስደርግ ሰው ነኝ! ሁሉንም ሥሪው፤ አንዷ እንዳትጠፋ!»

ተቆጥቻት ወጣሁ። ማኪያቶዬን ጠጥቼ ስመለስ ልጅቷ ከወንበሯ ተነስታ ቆማለች። ጠረጴዛው ላይ ደረሰኞቹ ተደርድረዋል። ያብረቀርቃሉ። ድፍን ጥቁር ናቸው፤ ቁጥር የለ፣ ቀን የለ፣ ስም የለ።

«ሙቀት ሲነካው የሚጠቁር ወረቀት ነው ጋሼ። ሁሉንም ያሉኝ እርስዎ ነዎት» አለች፤ ልታለቅስ ደርሳለች። የመጀመሪያው ሲጠቁር አይታለች፤ ግን ቁጣዬን ፈርታ ቀጥላለች።

ጥቁሮቹን ላስቲኮች ፌስታል ውስጥ ከትቼ ወደ ቤት ስሄድ ሰላም የሚለኝን ሰው ሁሉ እየሸሸሁ ነበር። የሃምሳ ምናምን ግዢ ማስረጃ፣ የባለቤቴ የዓመት ልፋት፣ በአንድ ማኪያቶ ጠፋ። አልነገርኳትም። ሰው ሚስቱን እንደዚያ ይፈራል ብዬ አላስብም ነበር። ቁጣዋን ግን አልነበረም የፈራሁት፤ እሷ ብዙም አትቆጣም። «አንተን አምኜ» እንዳትለኝ ነበር የፈራሁት።

ሰኔ ሠላሳ ሱቅ ዘግተን ዕቃ ቆጠርን። እሷ ወንፊቱን እየዘረጋች ትለካለች፣ እኔ ሜትሩን እይዛለሁ። ስንት እንደገባ፣ ስንት እንደቀረ ስታስታርቅ ደስ ብሏት ታንጎራጉራለች።

«ደረሰኞቹስ?» አለችኝ ቀና ሳትል።

«ደህና ቦታ ናቸው» አልኳት። ሜትሩ ከእጄ አመለጠ፤ ደህና አድርገህ ያዘው አለችኝ።

ያተረፈኝ እኔው ስቀልድበት የኖርኩት ደብተሯ ነው። ዕቃ በገባ ቁጥር ቀኑን፣ ከማን እንደገዛች፣ የደረሰኙን ቁጥርና ዋጋውን ትጽፍ ነበር። «ፈተና አለብሽ እንዴ?» እያልኩ እቀልድባታለሁ። ያንን ደብተር ሰርቄ ዝርዝሩን ገለበጥኩ። የታመመ ጓደኛ ልጠይቅ ብዬ ዋሽቼ በሚኒባስ ሐዋሳ ሄድኩ። ሁለት ቀን ሙሉ ከጅምላ ሻጭ ጅምላ ሻጭ እየዞርኩ ለመንኩ። አንዳንዱ ሳቀብኝ፣ አንዳንዱ ነገ ና አለኝ፤ ቁጥሩን ሳሳያቸው ግን ከማሽናቸው ፈልገው ቅጂ እያወጡ ማህተም መቱልኝ። የአንዱን ብቻ አጣሁ። ትልቁን የወንፊት ግዢ የሸጠላት ነጋዴ ሱቁን ዘግቶ ከተማውን ለቋል። ጎረቤቶቹም የት እንደገባ አያውቁም።

ቅጂዎቹን አቃፊ ውስጥ ደረደርኩና ቅጂ ባጣሁለት ፈንታ አንዱን ጥቁር ላስቲክ ከሥር ሸጉጬ ሰጠኋት። አንድ በአንድ ገለጠች። መጨረሻው ላይ ስትደርስ ቆመች። ላስቲኩን አየችው፤ ቀጥላ ግድግዳው ላይ ያለውን ዲፕሎማዬን አየች። አቃፊውን ከደነችው። ወይ ብትጮህብኝ!

ሐምሌ ላይ ወደ ግብር ቢሮ አብረን ሄድን። የቢሮው ባለሙያ ወጣት ሰው ነው፤ ጨዋ። ቅጂዎቹን ከደብተሯ ጋር እያመሳከረ ተቀበለ። ጥቁሩን ሲያገኝ ወደ መስኮቱ አነሳው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ደረሰኝ ነው» አለች።

«ማነው እንዲህ ያደረገው? እናቴ፣ ማስረጃ ሆን ብሎ ማጥፋት እኮ ያሳስራል።»

በዚህ ዕድሜዬ፣ ግማሹ ከተማ ተማሪዬ በሆነበት አገር፣ በፖሊስ ተይዤ ስሄድ ታየኝ። እኔ ነኝ ልል አፌን ከፈትኩ፤ ድምፅ አልወጣም።

«እኔ ነኝ» አለች ባለቤቴ። «እንዳይበላሽ ብዬ ላሚኔት አስደርጌው ነው።»

ባለሙያው አያት፣ ደብተሯንም አየ። «አላወቁም ብዬ አልፈዋለሁ። የዚህን ግዢ ወጪ ግን ልይዝልዎት አልችልም» አለ። በዚያ የጨመረው ግብር ከሱቁ ጎን ያለውን ክፍል ልትከራይበት ያጠራቀመችውን ገንዘብ ጠራርጎ ወሰደው። እስክሪብቶውን ተቀብላ ፈረመች። እኔ አጠገቧ አቃፊውን ታቅፌ ቆሜያለሁ።

ስንወጣ ዝናቡ ወርዶ ነበር፤ ባጃጅ ያዝን። ጥቂት እንደሄድን «እኔ ነበርኩ» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች፤ ወደ ውጪ እያየች። «እኔ መች ጠየቅኩህ? የጠየቀው ባለሙያው ነው።»

ቢሮው ገና ከኋላችን ይታያል። ባለ ባጃጁን አዙረው ልለው አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ቤታችን ደረስንና ሒሳብ ከፈልኩት።