ዲ ላይ ያለው አይነካም

እንጅባራ ውስጥ ላፕቶፕ የያዘ ሰው ሁሉ በዚያ ዘመን አንድ እምነት ነበረው፤ ዋናው ዕቃ ዲ በሚባለው የዲስኩ ክፍል ላይ ይቀመጣል። ኮምፒውተር ሲታመም ፎርማት ይደረጋል፤ ሲ ላይ ያለው ይጠፋል፣ ዲ ላይ ያለው ይተርፋል። ለምን እንደሚተርፍ የጠየቀ ሰው አላጋጠመኝም፤ እኔም ጠይቄ አላውቅም።

የእኔ ዲ ላይ የአክስቴ ድምፅ ነበር። የአባቴ ታላቅ እህት ናት። ለመመረቂያ ጽሑፌ ስለ እህል አያያዝ በአዊኛ ያጫወተችኝን ቀድቼ ነበር። በዐቢይ ጾም ዐረፈች። አርባዋ እሑድ ዳንግላ ሊወጣ፣ ልጇ ዐርብ ዕለት ደወለልኝ።

«አንቺ ዘንድ ድምጿ አለ አሉ። ደኅና ፎቶ እንኳ የላትም’ኮ። ይዘሽልን ነይ፣ እህቴ።»

እሺ አልሁት። ስልኩን ዘግቼ ላፕቶፑን ስከፍት ግን ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት፣ ማለትም ባዶ ምልክት ብቻ፣ ሆነው ጠበቁኝ። ከቢሮ በፍላሽ ያመጣሁት ቫይረስ ነው። ብነካቸው፣ ብነካቸው አይከፈቱም።

አብራኝ የተማረች ጓደኛዬ ሊኑክስ የሚባለውን በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫን፣ በነጻ የሚገኝ ሲስተም በፍላሽ ሰጥታኝ ነበር። «ይኼ ቫይረስ እዚያ አይሠራም፤ ጫኚውና ተገላገዪ» ብላኛለች። ፍላሹ ሳይነካ መሳቢያዬ ውስጥ ከርሟል። ለብቻዬ ለመጫን ስለፈራሁ፣ ቅዳሜ ጠዋት ላፕቶፑን ከዝናቡ በነጠላዬ ሸፍኜ፣ ባጃጅ ይዤ፣ ሁላችንም ፎርማት ወደምናስደርግበት ኮምፒውተር ቤት ሄድሁ።

ባለቤቱ ፈጣን ሰው ነው። ጋቢ የለበሱ አንድ ሽማግሌ ማመልከቻ ሊያስጽፉ ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር። ላፕቶፔን ተቀብሎ ገመዱን ሰካ፤ ባትሪው ከሞተ ስለቆየ ያለ ገመድ አይሠራም።

«ሊኑክስ? ስሙን ሰምቻለሁ» አለ። «መጫን ያው መጫን ነው። ዕቃሽ የት ነው?»

«ዲ ላይ።»

«በቃ! ዲ ላይ ያለው አይነካም።»

ፍላሹን ሰክቶ አስነሣው። አንድ ገጽ መጣ፣ ሳላነበው አለፈው። ሌላ መጣ፣ ጫን አለው። ከጀርባው ቆሜ በትከሻው ላይ አነብባለሁ። ቀጥሎ የመጣው ገጽ ላይ ሲ የለም፤ ዲም የለም። በእንግሊዝኛ የተጻፈው የመጀመሪያው ምርጫ፣ ዲስኩን በሙሉ አጥፍቶ ሊኑክስን ይጫን የሚል ነበር።

«ዲ የታለ?» አልሁ። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም።

«እ?»

«ዲ . . . እዚህ ላይ አይታይም።»

«ውስጥ ነው’ንጂ የት ይሄዳል! አትጨነቂ፣ የስንቱን ጭኛለሁ።»

ሽማግሌው ሳቁ። «ተያት፣ ልጄ። ጥርስ የምታስነቅል መስላለች።»

ፊቴ ጋለ። እሱ ይህን ሥራ የሚያውቅ ሰው ነው፣ እኔ ደግሞ ያነበብሁት አንድ መስመር ነው። ምናልባት እኔ ነኝ ያልገባኝ እያልሁ ሳለ የማውዙ ቀስት ወደ ማረጋገጫው ሄደ። ጣቱ ከፍ ሲል አየሁ። እጄን ማውዙ ላይ፣ ማለትም እጁ ላይ፣ አሳረፍሁ።

የማላውቀውን ወንድ እጅ ይዤ ነው የቆምሁት።

«ሁሉንም አጠፋለሁ ነው የሚለው» አልሁ። «እባክህ ተመለስ። ያለፍኸው ገጽ ላይ ሳይጭኑ መሞከር የሚል አለ።»

እጁን ቀስ ብሎ አወጣ። ገጹን ጠጋ ብሎ አነበበ፤ ደግሞ አነበበ። ተመለሰና መሞከር የሚለውን ነካው።

የማላውቀው ገጽ ተከፈተ። ዲ የሚል ስም እዚህም የለም፤ የዲስኩን ክፍል በመጠኑ ለይቼ ስከፍተው ከሾርትከቶቹ ጎን እውነተኞቹ ፎልደሮች ተደርድረዋል። ቫይረሱ ደብቋቸው ኖሯል እንጂ አላጠፋቸውም። የአክስቴን ነካሁት። ለራሴ ብቻ እንዲሰማ ማድረግ አልቻልሁበትም፤ ድምጿ ቤቱን ሞላው።

ሽማግሌው ከወንበራቸው ቀና አሉ። ጥቂት አዳምጠው መንሰቅሰቅ ጀመሩ፤ በሳቅ ነው።

«ምን አሉ ሴትዮዋ፣ አባት?» አለ አዊኛ የማይሰማው ባለቤቱ።

«‹ይቺ ልጅ መስማት ብቻ ነው የምታውቀው፤ ባሏ መኖሯን በምን ያውቃል?› ትላለች!» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «ማናት?»

«አክስቴ ናት። ነገ አርባዋ ነው።»

ሳቃቸውን ዋጡ። «ነፍስ ይማር» አሉ፣ ጋቢያቸውን ሰብስበው።

ስልኬን በገመድ አገናኝቼ ድምጿንም ሌላውንም ዕቃዬን ወደ ስልኩ መቅዳት ጀመርሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ አምፖሉ ደብዘዝ አለ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ደበዘዘ። መብራት ቢሄድ ላፕቶፑ ወዲያው ነው የሚጠፋው። ባለቤቱ ኃይል እንዳይሻማ ማተሚያውን ነቀለ፤ የሌሎቹንም ኮምፒውተሮች ገመድ ነቃቀለ። ሽማግሌው ማመልከቻቸውን ረስተው ስክሪኑ ላይ የሚሞላውን መስመር ከእኔ ጋር ያያሉ።

መስመሩ ሞላ።

«አሁንስ ልጫነው?» አለ ባለቤቱ። ለመጀመሪያ ጊዜ ጠየቀኝ።

«ቆይ» አልሁት። የስልኬን ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ሰክቼ ከመጀመሪያው ጀመርሁ። አክስቴ ስለ ጎተራ አወራች፣ ስለ ነቀዝ አወራች፣ እኔን ሰደበች። እሱ እጁን አጣጥፎ ጠበቀኝ። በሩ ላይ ሌላ ሰው መጥቶ ቆመ፤ እሱንም አስጠበቅሁት። መጨረሻ ላይ «በቃ፣ ዝጊው» ብላኝ ድምጿ እስኪቋረጥ ሰማሁ።

ከዚያ ማዳመጫውን አውጥቼ ማውዙን ወደ ራሴ ሳብሁ፤ ዲስኩን በሙሉ አጥፋ የሚለውንም ራሴ ተጫንሁት።