ሄደን ያላየናት የባቡር ከተማ

ካናዳ ውስጥ፣ ጠፍ ሜዳ መሀል፣ አንዲት ትንሽ የባቡር ከተማ አለች። ታሪኳን ከተወለድኩበት ሰፈር ታሪክ አብልጬ አውቀዋለሁ። እግሬ ረግጧት አያውቅም፣ ከእንግዲህም አይረግጣትም። ያወቅኳት በታናሽ ወንድሜ ሰበብ ነው፤ ያጣናት ደግሞ በእኔ ሰበብ። ይህን አውጥቼ ለመናገር ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል።

ወንድሜ እዚህ ሆላንድ፣ ሮተርዳም የትራንስፖርት ምህንድስና ማስተርሱን ጨርሶ ሲመረቅ ዙክያር ተሰጠው፤ ተመራቂ ሥራ እንዲፈልግ እዚህ አገር የሚፈቀድለት አንድ ዓመት ነው። ዓመቱ እኔ ቤት፣ ዴንሃግ፣ ሶፋ ላይ ማለቅ ጀመረ። ማመልከቻ ይልካል፣ ደች ትችላለህ ወይ ይሉታል፣ በጨዋ ደንብ ይሸኙታል። እኔ እዚሁ አጠገባችን ራይስዋይክ ከተማ አረጋውያንን በየቤታቸው እየዞርኩ ሳጥብና ሳለብስ ውዬ ስመለስ፣ እሱ ጠዋት ትቼው እንደሄድኩት ኮምፒውተሩ ላይ አቀርቅሮ አገኘዋለሁ። ዙክያሩ ካለቀ መመለስ ነው። ወደ ምን? አባታችን ሞቷል፣ ቤቱ ተሽጧል፣ ሥራ የለም።

አምስት ወር ሲቀረው ድሬዳዋ አብሮት ያደገ የጎረቤታችን ልጅ ፌስቡክ ላይ የለጠፈውን ፎቶ አየ። በረዶ፣ ሐዲድ፣ ከኋላ ደግሞ ፎቅ የሚያህል የእህል ጎተራ። ልጁ እዚያች ከተማ ባቡር ይጠግናል። ወንድሜ ስለ ከተማዋ ሲያነብ ሠራተኛ አጥታ ከውጭ ሰው እያስመጣች መሆኑን ደረሰበት። መጀመሪያ ቀጣሪ ታገኛለህ፤ ቀጥሎ የከተማዋ ኮሚቴ ያነጋግርሃል፤ ይህ ሰው መጥቶ ይኖራል፣ ትቶን አይሄድም ብሎ ካመነብህ ይደግፍሃል። ቀጣሪውን በሦስት ሳምንት አገኘ፤ እህል በባቡር የሚያመላልስ ድርጅት ነው። የቀረው ኮሚቴው ብቻ ነበር።

ከዚያማ ጥናት ሆነ። የከተማዋን ታሪክ ከሙዚየሟ ድረ ገጽ እያወጣ፣ እኔ ሽንኩርት ስከትፍ ይተርክልኛል። ባቡሩ ከመምጣቱ በፊት እዚያ ከተማ የሚባል ነገር አልነበረም። የእንፋሎቱ ባቡር ውሃና ከሰል የሚሞላበት ቦታ ስለፈለገ፣ አንድ መሐንዲስ ካርታ ላይ ነጥብ አኖረ፤ በቃ፣ ከተማ ሆነች። መጀመሪያ ድንኳን፣ ከዚያ የእንጨት ሆቴል፣ ከዚያ ባንክና ቤተ ክርስቲያን። ሐዲዱ ለሁለት ከፈላት፤ አለቆቹ ወዲህ፣ የቀን ሠራተኞቹ ወዲያ። መሬቱ ቀድሞ የማን እንደነበር ሙዚየሙ በአንድ መስመር ነው ያለፈው፤ ወንድሜ እዚያ ላይ ሲደርስ ሁሌ ይናደድ ነበር። ከአውሮፓ ገበሬ ጎረፈ፣ ስንዴ ተዘራ፣ ጎተራዎቹ ተደረደሩ። ኋላ የናፍጣው ባቡር መጣና ውሃ መሙላት ቀረ። ትልቁ የጥገና ጋራዥ ግማሹ ተዘጋ፣ ወጣቱም ነቅሎ ሄደ። ከተማዋ ግን አልሞትም አለች። ሆስፒታሏን አሰፋች፣ ኮሌጅ ከፈተች፣ አሁን ደግሞ ከፊሊፒንስና ከናይጄሪያ ሰው እየጠራች ነው።

አባታችን የምድር ባቡር ሰው ነበር። ድሬዳዋም ባቡር ወልዷት ባቡር ሲደክም አብራ የደከመች ከተማ ናት፤ ባቡሩ ከቆመ በኋላ እንኳ አባታችን ጠዋት ጠዋት ለባብሶ ጣቢያው በር ላይ ቆሞ ይመለስ ነበር። ወንድሜ «እታለም፣ ይቺ ከተማ በረዶ የጣለባት ድሬዳዋ ማለት ናት» ይለኛል። እስቲ ዝም ብለህ አጥና እለዋለሁ። ግን ደስ ይለኝ ነበር፤ ወንድሜን ከስንት ጊዜ በኋላ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው።

ወደ ጥፋቴ ልምጣ። እኛ ዘንድ ወደ ሌላ አገር የመሄጃ ፕሮሰስ የጀመረ ሰው ቪዛው እጁ እስኪገባ ትንፍሽ አይልም። ሰው ሻንጣውን አስረክቦ፣ አውሮፕላን ሊገባ ሲል ነው ደውሎ ደህና ሁኑ የሚለው። የሰው ዓይን አለ፣ የሰው ምላስ አለ። እኔ ደግሞ የተቃጠልኩ ነኝ። አንድ ጊዜ አምስተልቨን ከተማ የኪራይ ቤት ደርሶኝ፣ ቁልፉን ሳልቀበል እሑድ ቤተ ክርስቲያን ለሴቶቹ ሁሉ አወራሁ፤ ማክሰኞ ስህተት ተፈጥሯል፣ ቤቱ ለሌላ ሰው ነው የሚል ደብዳቤ መጣ። ከዚያ ወዲህ አፌን እንደ ኪሴ ነው የምጠብቀው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።

ወንድሜ ለጓደኛው ልደውልለት፣ ስለ ከተማዋ ልጠይቀው ሲል ጮህኩበት። ልጁን ጠልቼው አይደለም። እናቱ ድሬዳዋ ናቸው፤ እሳቸው ከሰሙ ሰፈራችን ከዚራ ሰማ፣ ከዚራ ከሰማ ዴንሃግ ሰማ። ስትደርስ በሩን አንኳኩተህ አስደንግጠው አልኩት። ቅር አለው፤ ግን እሺ አለ። ታላቅ እህቱ ነኝ፣ ያሳደግኩት እኔ ነኝ፣ እምቢ ብሎኝ አያውቅም።

ኮሚቴው በቪዲዮ ያነጋገረው ከሰዓት በኋላ ነበር። እኔ ካሜራው በማያሳየው ጥግ፣ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። ሦስት ሰዎች ናቸው፣ አንዷ ሴት። ወንድሜ የከተማቸውን ታሪክ ከድንኳኑ እስከ ኮሌጁ ሲያወርድላቸው ሴትየዋ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ቀረች፤ አያቷ ባቡር ላይ ከሰል ይጨምሩ እንደነበር ነገረችው። እሱም የአባታችንን ነገራት፣ ተሳሳቁ። እኔ ጥጌ ላይ ሆኜ ስንት ጊዜ አማተብኩ። በመጨረሻ ሴትየዋ እዚህ ከተማ የምታውቀው ሰው አለ ወይ ብላ ጠየቀችው።

ዓይኑን ወደ እኔ ወርወር አደረገ። እንዳትናገር ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። አይ፣ የማውቀው ሰው የለም አላቸው።

ደብዳቤው የመጣው በሁለተኛው ሳምንት ነው። ከተማዋ ትንሽ ናት፤ ሁሉም ሁሉን ያውቃል። የአንተን አገር ሰው የምናውቀው አንድ ብቻ ነውና በቅንነት ጠየቅነው፣ አብሮ አደጌ ነው አለን፣ መምጣትህን ግን አልሰማም ይላል። የማውቀው ሰው የለም ያልከን ለምን እንደሆነ አልገባንም፣ ስለዚህ ልንደግፍህ አንችልም ይላል ደብዳቤው። ወንድሜ አንብቦ ኮምፒውተሩን ከደነው። እንኳን ሊቆጣኝ ቀና ብሎም አላየኝ። ተነስቶ የሻይ ብርጭቆዎቹን አጠበ።

እኔ ግን አላስቻለኝም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ለጓደኛው ደወልኩለት፤ እዚያ ገና ረፋዱ ነበር። ኮሚቴው ዘንድ ሄደህ አስረዳልኝ ብዬ ለመንኩት። ለካ ልጁ እነሱ በጠየቁት ሳምንት ሄዶ ለምኗቸው ነበር። ነገሩ መዋሸቱ ላይ ነው፣ ተዘግቷል አሉት። 

«እትዬ፣ እዚህ ስድስት ዓመቴ ነው» አለኝ። «አንድ የአገሬ ሰው ላክልኝ እያልኩ ስጸልይ ነበር። ምድር ቤቱን አጽድቼ ባዶውን አስቀምጬዋለሁ። ምናለ አንድ ቀን ብትነግሩኝ?»

ምን ልበለው? የሰው ዓይን ፈርቼ ነው ልበለው? ሲጸልይልን የነበረውን ሰው እንደ ክፉ ዓይን ነው የፈራሁት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚባለውን ለአረጋውያኔ ስተርት እውላለሁ፤ ለራሴ ሲሆን ጠፋኝ። ይቅር በለኝ አልኩት፤ ይቅር ብያለሁ አለ። ያለኝን ለወንድሜ አልነገርኩትም። ቁስሉ ላይ እንጨት መስደድ መሰለኝ።

የቀረውን ጊዜ ሌላ ሰባት ቦታ ሞከረ። ከሰባቱ የመለሱለት ሁለቱ ናቸው፤ ሁለቱም አይሆንም አሉ። ዙክያሩ አለቀ። ያለ ወረቀት እኔ ጋ ቅር ብዬው ነበር፤ እሱ ግን ተደብቆ መኖር አልችልም አለ።

ስኪፖል አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣውን ካስረከበ በኋላ የሚቀመጥበት ቦታ ፈልገን ተቀመጥን። ውሃ ገዛሁለት፣ አልጠጣውም። ከዚያ ድንገት፣

«ለጓደኛዬ መደወልሽን አውቃለሁ» አለኝ። «ካንቺ በፊት ለእኔ ነግሮኛል። ጸሎቱንም፣ ምድር ቤቱንም።»

ሁለት ወር ሙሉ፣ አንድ ሶፋ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን! ለምን አልነገርከኝም አልኩት። ንዴቴ መጣ፤ እኔ እኮ ንዴቴ የሚመጣው ማፈር ባለብኝ ጊዜ ነው።

«አንቺ አይደለሽ ያስተማርሽኝ?» አለ።

ሳይቆጣ ነው ያለው። ቢቆጣና ቢሰድበኝ በወደድኩ። ተነሳ፣ ሦስቴ ሳመኝ፣ ፍተሻው ሰልፍ ውስጥ ገባ። አንዴ ዞር ብሎ እጁን አነሳልኝ። እኔ በባቡር ወደ ዴንሃግ ተመለስኩ፤ በማግስቱ ሥራ ነበረኝ።

አሁን አዲስ አበባ ነው። ሥራ ያግኝ አያግኝ፣ የት ይደር፣ በልቶ ይደር ተርቦ አላውቅም። በየእሑዱ እደውልለታለሁ፤ ደህና ነኝ ይላል፣ ከዚያ ሌላ ምንም አይነግረኝም።