ውሃ የማይወድ አበባ

ጎረቤቴ እንድተክለው ከግቢዋ አበባ ቀጥፋ ስትሰጠኝ ወፍራም ቅጠሉ እጄ ላይ ተሰብሮ ውሃው ወረደ። እርጥብ ሣር ሸተተኝ። በደርግ ጊዜ፣ ወረታ ሳለን፣ ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ሲሄድ ይህንኑ መሬት ለመሬት የሚሳብ ቀይ አበባ በተሸረፈ ማሰሮ ተክሎ ነበር።

እናቴ ጠዋት ጠዋት ታጠጣዋለች።

«ውሃ ሲበዛበት ይበሰብሳል» ይሏታል አባቴ፣ የደብሩ መሪጌታ።

«ልጄ በረሃ ነው ያለው አሉ። እንዳይጠማው ነው።»

አበባውና ወንድሜ ምን እንደሚያገናኛቸው አይገባኝም ነበር። እሷ ዞር ስትል አባቴ ማሰሮውን ዘንበል አድርገው ውሃውን ያፈሱታል። አበባው እንዲህ ሆኖ ከረመ።

የወንድሜ መርዶ በመጣ ማግስትም እናቴ አጠጣች። አባቴ ማሰሮውን አልነኩትም።

«ውሃ እንዳታበዢበት» አለችኝ ጎረቤቴ።

«አውቃለሁ» አልኋት።