ቦታውን የሳተ ፋይል

አረጋሽ አዲስ አበባ ሳለች አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ አሥራ ስምንት ዓመት መዝገብ ቤት ሠርታለች። ዴንቨር ከመጣች በኋላም ከወረቀት አልተላቀቀችም። ከምትኖርበት ከካፒቶል ሂል ሰፈር በኮልፋክስ ጎዳና አውቶቡስ ጎረቤት ከተማ ኦሮራ ድረስ እየተመላለሰች የአንድ ትንሽ ክሊኒክ የሕመምተኞች ፋይል ያዥ ሆነች። ቀኑን ሙሉ ማጎንበስና መንጠራራት ነው። ዕድሜዋ ሃምሳ ሦስት ነበር፤ ወገቧ ግን ቀድሟት አርጅቷል።

በፈረንጆቹ 2005፣ መጋቢት ላይ፣ እትዬ ጤናዬ ቤቷ መጡ። አሜሪካ ስትገባ ስምንት ወር ያስጠጓት ሴት ናቸው። ሴት ልጃቸው ወርቁ የሚባል የታክሲ ሹፌር ልታገባ ነው፤ ወርቁ ደግሞ የሚታከመው እዚያው ክሊኒክ ነው።

«ደሙን ተመርምሯል አሉ። ፋይሉን ገለጥ አድርገሽ ብታዪልኝ ምን አለበት?» አሉ። «የልጅ ነገር ነው።»

«እትዬ፣ አልችልም።»

«ፋይሉን የምታስቀምጪው አንቺ አይደለሽ?»

«ስለማስቀምጠው ነው የማላየው። ልጆቹ አብረው ይመርመሩ። እሱንም ራሱን ይጠይቁት።»

እትዬ ጤናዬ ሻያቸውን ሳይጨርሱ ተነሱ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ጋብቻው መቅረቱን አረጋሽ ቤተ ክርስቲያን ሰማች። ስለ ወርቁ የደም ምርመራ የተወራው የወጣው ከክሊኒኩ ነው ተባለ። ሰኞ ጠዋት ቀጥ ብላ ሄዳ የወርቁን ፋይል ፈለገች። ቦታው ላይ የለም። ሁለት መደርደሪያ አልፎ፣ በሌላ ፊደል መሀል ተሸጉጦ አገኘችው። ሳትከፍተው ይዛ ሥራ አስኪያጇ ሊንዳ ቢሮ ገባች።

ሊንዳ የክሊኒኩ የምስጢር ጥበቃ ኃላፊም ነበረች። ሕጉ ኃላፊ ይኑር ስለሚል ስሟ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል።

«ማን አወጣው?» አለች።

አረጋሽ የምታውቀውን ነገረቻት። የፋይል ክፍሉ አይቆለፍም፤ ነርሱም ሪሰፕሽን ላይ የሚሠራውም እየገባ ያወጣል። ቁልፍ ይግባለት ብላ ሁለት ጊዜ ጠይቃ «ሥራ ያጓትታል» ተብላለች። ፋይሉን አይታ እንድትነግር ተጠይቃ እምቢ ማለቷንም አልደበቀችም።

ሊንዳ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ሰውየውን የምታውቂው ግን አንቺ ብቻ ነሽ።»

ነገሩ እስኪጣራ ቤትሽ ቆዪ ተባለች። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስልክ አላነሳችም። አልተቆጣችም፤ መቆጣትም ጉልበት ይጠይቃል። አብዛኛውን ቀን ተኛች።

ምርመራው ማንንም አላገኘም። ማን እንደገባ፣ ማን እንዳወጣ የተጻፈ ነገር አልነበረምና። ሊንዳ ጠራቻት። ይቅርታ ሳይሆን «ደንብ ጻፊልን» አለቻት። አረጋሽ አንድ ገጽ ጻፈች፦ በሩ ይቆለፍ፤ ፋይል የሚያወጣ ሁሉ ስሙን፣ ሰዓቱንና ምክንያቱን ጽፎ ይፈርም፤ ወርቁም የሆነው ይነገረው።

ሊንዳ ስታነብ መጨረሻው ነጥብ ላይ ቆመች። «እሱን እንኳ ሕጉ አያስገድደንም።»

«ባያስገድድም ፋይሉ የእሱ ነው» አለች አረጋሽ። ደግማ አልተናገረችም፤ ግን ከወንበሩም አልተነሳችም።

በሠራተኞች ስብሰባ ላይ አንድ አንጋፋ ሐኪም «እኔንም ልታስፈርሚኝ ነው?» ብሎ ጠየቃት።

«አዎ፣ ዶክተር። እኔም እፈርማለሁ።»

ወርቁ ተጠርቶ ሐሙስ ዕለት መጣ። ሊንዳ ስትናገር አረጋሽ አስተረጎመች። ሰምቶ ሲጨርስ ወደ እሷ ዞረ።

«እትዬ አረጋሽ፣ እርስዎ አይተውታል?»

«አላየሁትም። ምን እንዳለበት እስከ ዛሬ አላውቅም።»

«ታዲያ ማን አየው?»

«አላወቅንም፣ ወርቁ። ማወቅ ነበረብን።»

ወርቁ የፋይሉን ኮፒ ጠየቀ፤ ሌክውድ ያለ ክሊኒክ ሊሄድ ነው። አረጋሽ ጽሑፉን ላለማንበብ ዐይኗን ከወረቀቱ አንስታ፣ እሱ አጠገቧ ቆሞ፣ አንድ በአንድ ኮፒ አደረገችለት። ተቀብሎ ወጣ። አመሰግናለሁ አላለም፤ እሷም አልጠበቀችም።

ግድግዳው ላይ ያለው ስም የሊንዳ እንደሆነ ቀረ። ጥያቄ ያለው ሁሉ ግን የሚመጣው ወደ አረጋሽ ሆነ፤ አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር ደንቡን የምታስረዳውም እሷ ናት። እትዬ ጤናዬ እሑድ ሲያገኟት በሩቁ አንገታቸውን ዝቅ ያደርጋሉ እንጂ አይጠጓትም።

ወርቁ የሄደ ዕለት አረጋሽ ወደ ፋይል ክፍሏ ተመልሳ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ጫማዋን አወለቀች። ጋሪው ላይ ወደ ቦታቸው ያልተመለሱ አርባ የሚሆኑ ፋይሎች ነበሩ።