የጠዋቱ የመጀመሪያ እግር

ቦሌ ቡልቡላ ኮንዶሚኒየም ስር ያለችው ሱቃችን የአማቴ ናት። ከአዲግራት ተድሬ ስመጣ ዘይቱንም ሳሙናውንም ቶሎ ለመድኩት፤ ቁልፉን ግን ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው አልሰጡኝም። ምክንያታቸው እግር ነበር። የጠዋቱ የመጀመሪያ ገዢ እግረ ቀና ካልሆነ ቀኑን ሙሉ ገበያ የለም ይላሉ። ለዚህም ሁለተኛ ፎቅ ያለችውን ነርስ መርጠዋል፤ እሷ ከአዳር ሥራ ተመልሳ ዳቦ ሳትገዛ መስኮቱ አይከፈትም።

እግራቸው ደረቅ ነው የተባሉት ደግሞ ጡረታ የወጡ ሾፌር ናቸው። የሁሉን ዋጋ ጠይቀው ክብሪት ይገዛሉ። ከነርሷ ቀድመው ሲያንኳኩ አማቴ ከባንኮኒው ስር ቁጢጥ ይሉ ነበር። ኋላ ሰውየው ማንኳኳቱን ሲተዉት፣ "ተገላገልን" አሉ።

ሰው በእግሩ ሲመዘን ደስ አይለኝም፤ እግርንም የፈጠረ እግዚአብሔር ነው። ቢሆንም ምራት ነኝና እንዳሉኝ አደርግ ነበር።

አንድ ሐሙስ አማቴ ለቅሶ ሊደርሱ ሲወጡ ቁልፉን ሰጡኝ። "አደራ ልጄ፣ ነርሷን ጠብቂ። ገበያዬን ካበላሸሽብኝ ቁልፉን ሁለተኛ አታይውም።"

ነርሷ ቀረች። በመስኮቱ ስንጥቅ ሳይ ጡረተኛው ሾፌር ጋሼ ኮታቸውን ቆልፈው የመብራት ምሰሶው ስር ቆመዋል። ከፈትኩና "ምን ያስቆምዎታል? ይምጡ እንጂ" አልኳቸው።

"የለም፣ ሌላ ሰው ይቅደም። ድሮ አንኳኳ ነበር። አማትሽ ከባንኮኒው ስር ሲገቡ ጉልበታቸው ሲንቋቋ እዚህ ድረስ ይሰማል። በእኔ ምክንያት ለምን ይሰቃዩ ብዬ ተውኩት።"

አፈርኩ። "ዛሬ ገበያውን እርስዎ ይክፈቱልኝ" አልኳቸው። ቀኝ እግራቸውን አስቀድመው ቀረቡ። ዋጋ መጠየቁንም ረስተው ክብሪታቸውን ይዘው ሄዱ።

አራት ሰዓት ላይ የሰፈሩ መብራት ጠፋ። ምሳ ያልደረሰለት ሁሉ ከሰል ፍለጋ መጣ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሻማውም አብሮ አለቀ።

አማቴ ተመልሰው ባዶውን መደርደሪያ አዩ። "ነርሷ ናት አይደል የከፈተችልሽ?"

አዎ ማለት ቀላል ነበር። ቁልፉን ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩና "ጋሼ ናቸው" አልኩ። ምሰሶው ስር ለምን እንደሚቆሙም ነገርኳቸው፣ ጉልበቱን ሳልተው።

ጉልበታቸውን እያሹ ቆዩ። "እንግዲያው የሰፈሩን መብራት ያጠፉት እሳቸው ናቸው በይኛ" አሉ። ቁልፉን ግን አልነኩትም።

በማግስቱ ጸሎቴን ሳልጨርስ አማቴ በሬን አንኳኩ። "ቶሎ በይ እንጂ፣ ቁልፉ አንቺ ጋ አይደለም? ሰውየው ብርድ ላይ ቆመዋል።"