የአባባ ወፍራም ፊደላት

ቡራዩ ውስጥ አንዲት ጠባብ ማተሚያ ቤት ተቀምጬ ተራዬን ስጠብቅ፣ ልጁ ባነር የሚያትመውን ማሽን ሲያስነሳው የትኩስ ቀለም ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባና ይዞኝ ሰበታ ሄደ። ሽታው ያው እንኳ አይደለም፤ የአባባ ቀለም በአኳራጅ የቀጠነ፣ ራስ የሚያዞር፣ ከቤት ለመውጣት ሳምንት የሚፈጅበት የዘይት ቀለም ነበር። ትዝታ ግን ሰነፍ ነው፤ የሚመስለውን ካገኘ ዋናውን አይፈልግም።

የመጣሁት ለወንድሜ ለኑሩ አዲስ ሱቅ ታፔላ ላሠራ ነው። መንገዱ ሲሰፋ የአባባ አሮጌ ሱቅ ከነግድግዳው ፈረሰ፤ ግድግዳው ላይ ደግሞ አባባ በእጁ የጻፋቸው ፊደላት ነበሩ። እነሱን መልሼ ማምጣት እፈልጋለሁ።

«ማዘር፣ የቱ ይሁን?» ይለኛል ልጁ፣ የፊደል ዓይነቶችን በኮምፒዩተሩ እያሳየኝ።

«ወፍራሙ። ጌጥ የሌለው፣ ጥግ የሌለው፣ ጫፉ ድቡልቡል ያለ።»

አባባ ሠዓሊ አልነበረም። በጅማ መንገድ ዳር ሱቅ የከፈተ፣ ከወሎ የመጣ ቀጭን ነጋዴ ነበር፤ ሲራመድ ሸሚዙ ውስጥ ሰው ያለ አይመስልም። ታፔላ ጸሐፊ መቅጠር ኩራቱን ስለሚነካው «አወል ሱቅ» የሚለውን ራሱ ጻፈው፤ መሰላል ስለሚፈራ ደግሞ እንደ ሌላው ነጋዴ ከበሩ በላይ ሳይሆን ከመስኮቱ ጎን፣ በገዛ ደረቱ ቁመት። ዒድ በተቃረበ ቁጥር ያድሰዋል። ሌላው ሰው አሮጌውን ቀለም ፍቆ ነው አዲሱን የሚቀባው፤ አባባ ግን የመፋቅ ትዕግሥት ስለሌለው በአሮጌው ላይ አዲሱን፣ ከጠርዙ ትንሽ እያሳለፈ ይደርብበታል። ጎረቤት «ኧረ ፋቀው!» ሲለው፣ «ያለፈው ዓመት ምን በደለኝና ነው የምፍቀው?» ይላል። እንዲህ እንዲህ እያለ ፊደሉ በየዒዱ ወፈረ። የ«አ» እግሮች አበጡ፣ የ«ል» ጫፍ እንደ አውራ ጣት ድቡልቡል አለ፣ የ«ወ» ሁለት ዓይኖች ጠበው ጠበው ሽምብራ አከሉ። እናቴማ «እኛን ትቶ ፊደሉን ይቀልባል» እያለች ታማው ነበር።

ከሰፈራችን ራቅ ብሎ ካለው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆች ሳሙናና ብስኩት ሊገዙ ይመጣሉ። ከእነሱ አንዷ ሌንሳ፣ የእኔው እኩያ፣ ግድግዳ በመዳፏ እየዳበሰች ነበር የምትሄደው። አንድ ቅዳሜ እጇ «አ» ላይ ደረሰና ቆመ።

«ኦቦ አወል፣ ግድግዳዎ አብጧል» አለች።

አባባ ወጣና ጣቷን ይዞ በፊደሎቹ ላይ ቀስ እያለ መራት። እሷ የምታነበው በብሬል ነጥብ ነበር፤ የእኛ ፊደል መልኩ ምን እንደሚመስል ያን ቀን በጣቷ አወቀች። ጥቂት አሰበችና «ታዲያ እርስዎም እንደ ፊደልዎ ወፍራም ነዎት?» ስትለው፣ አባባ የከሳ ክንዱን አስያዛትና «የለም ልጄ፣ የበላው እሱ ነው» አላት።

ከዚያ ወዲያ ቀለሙን የሚደርበው ከስንፍና አልነበረም። በክብሪት እንጨት ጫፍ የ«ወ»ን ዓይኖች እየጠረገ፣ «እነዚህ ከተደፈኑ ምኑን ታነበዋለች?» ይላል። ሌንሳም ቅዳሜ ስትመጣ መጀመሪያ ስሙን በጣቷ ታነባለች፤ «አከም ጅርቱ» ብላ ሰላም የምትለን ከዚያ በኋላ ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ግድግዳውን ስትመታው፣ ጥቁሩ ፊደል ከነጩ ግድግዳ ይልቅ እንደሚሞቅ የነገረችኝ እሷ ናት። እኔም ዓይኔን ጨፍኜ መዳፌን ከመዳፏ ጎን አሳርፋለሁ። ወደ ጅማ የሚወርድ የጭነት መኪና ሲያልፍ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል፣ ፊደሎቹ ከእጃችን ሥር የሚተነፍሱ ይመስላሉ፤ ሰዓቱም ሄዶ የማያልቅ፣ ማንም የማይጠራን፣ ዓለም በሙሉ ያቺን ሞቃት ግድግዳ ያህል ብቻ የሆነች ይመስለኝ ነበር። እንደዚያ የጠገብኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

አባባ ካለፈም በኋላ ሌንሳ መምጣቷን አልተወችም። እዚያው ሰበታ መምህርት ሆነች። ግድግዳው የፈረሰ ዕለት ደውላ «አዲሱም ላይ ይጻፍ፤ የእናንተ መሆኑን በምን አውቃለሁ?» ብላኝ ነበር፤ እኔም የአባባን ፊደል ራሱን አመጣልሻለሁ ብዬ ቃል ገባሁላት።

ልጁ በመጨረሻ አገኘው። ያው «አወል ሱቅ»፣ ከላይ በአፋን ኦሮሞ፣ ከሥሩ በአማርኛ፣ ወፍራም፣ ድቡልቡል፣ የ«ወ» ዓይኖች እንኳ ሽምብራ የሚያክሉ። አባባ ከሞት የተነሣ መስሎኝ ልጁ ፊት እንባዬ መጣ። ሰበታ ወስጄ፣ ኑሩ «እዚህ ታች ማን ያየዋል?» እያለ ሲነጫነጭ፣ በአባባ ደረት ቁመት አሰቀልኩት።

ቅዳሜ ሌንሳ መጣች። በእጄ ይዤ አደረስኳትና በኩራት ቆምኩ። መዳፏን ከአንዱ ጠርዝ አሳረፈች፤ እጇ ለጥ ባለው ላስቲክ ላይ ተንሸራቶ፣ የትም ሳይቆም፣ በሌላው ጠርዝ ወጣ። መልሳ ሞከረች። ሁሉን ነገር አስታውሼ አንዱን፣ የእሷን ጣት፣ እንደረሳሁ ያን ጊዜ ገባኝ።

«ምን ይላል?» አለችኝ።

ልጅ ሆና ቅዳሜ ቅዳሜ ለራሷ ታነበው የነበረውን ስም፣ እኔ አነበብኩላት።