ማኅደር የገባው ሀርድ ዲስክ

ያረጀው ላፕቶፔ አዲስ ዊንዶውስ ሊጫንበት ነው። ከአዳም ጥቂት ዝቅ ብሎ የሚጀምረው፣ ስንት ዓመት የለቀምሁት የመንዝ የትውልድ ሐረግ ደግሞ ያለው እሱው ውስጥ ነው። ቢጠፋ አለቀልኝ!

መሐል ሜዳ ከተማ ወርጄ መገልበጫ ብጠይቅ፣ ባለሱቁ ጥፍር የምታክል ፍላሽ ሰጠኝ።

"ልጄ፣ መንዝን በሙሉ እዚህ ልታጭቀው ነው?" አልሁና፣ ሙክት እንደሚገዛ ሰው አንድ በአንድ እያነሳሁ ከባዱን ሀርድ ዲስክ መረጥሁ።

ሐረጉን ገልብጬ፣ እንዳይሰበር በአባቴ የዳዊት ማኅደር ከትቼ አንገቴ ላይ አንጠለጠልሁት። ደረቴን ነፍቼ ስሄድ አንዲት አሮጊት መንገድ ላይ አስቁመውኝ ማኅደሩን ተሳለሙት።

ደነገጥሁ። "እማማ፣ ዳዊት አይደለም! የመንዝ ሰው ስም ነው ያለበት።"

"የኔስ አባት አሉበት?"

የአባታቸውን ስም ጠየቅኋቸው፤ ነገሩኝ።

"እንዴታ! ከነምንጅላታቸው አሉ።"

"እንዲያ ከሆነማ" አሉና ደግመው ተሳለሙት።